«ቤት ጠይቁ» ያልኩበት ቀን

ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ስለተቃወመው ጀርመናዊ መነኩሴ፣ ስለ ማርቲን ሉተር፣ እያስተማርኩ ነበር። በ1517 ስለጻፋቸው 95 ነጥቦች፣ ከኃጢአት ቅጣት ነጻ ያወጣል ተብሎ ይሸጥ ስለነበረው ወረቀት፣ ማተሚያ ማሽን ያንን ክርክር ከአገር አገር እንዴት እንዳዳረሰው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ልጆቹ ደክሟቸዋል። ግማሹ ደብተሩን ዘግቶ ደወል ይጠብቃል።

መስኮቱ አጠገብ ሁለት ልጆች አሉ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ሃይማኖታቸው የተለያየ ነው፤ ክፍሉም ይህን ያውቃል። አንደኛዋ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እነሱ ቤት እኔ ገነት እንደማልገባ ነው የሚነገረው። እኛ ቤት ደግሞ እሷ እንደማትገባ። ማን ነው ልክ?»

ነገር ፍለጋ አልነበረም። አጠያየቋ የሂሳብ ጥያቄ የጨነቃት ልጅ ዓይነት ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ተዘግተው የነበሩ ዓይኖች ሁሉ ተከፈቱ። ጓደኛዋ ዴስኩን አቀርቅራ ታያለች። እኔም ጠመኔ እንደያዝኩ ትንሽ ቆምኩና እንዲህ አልኩ፦ «ይሄ የክፍል ጥያቄ አይደለም። ቤት ጠይቁ።»

ከዚያ ወደ ማተሚያ ማሽኑ ተመለስኩ።

ብዙ ዓመት አልፎታል። የዚያን ዓመት ተማሪዎቼን ስም አብዛኛውን ረስቻለሁ። ያቺን ጥያቄና ያቺን መልስ ግን አልረሳኋቸውም። ልጅቷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን ደግማ አላወጣችም። ስለ ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ ስለ ምንም።

ዝም አይነቅዝም

ያን ጊዜ የተናገርኩት ድንገት አምልጦኝ አልነበረም። አቋም ነበረኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖትን መንካት የለበትም ብዬ አምን ነበር። ሂሳብ እዚህ፣ ጸሎት እዚያ። «ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውን አባባል እንደ ሕግ ነበር የያዝኩት። ጥያቄ ሲመጣም «ዝም አይነቅዝም» እላለሁ። ያልተናገሩት ነገር አይበላሽም፣ ማንንም አያስቀይምም።

ለዚህ አቋሜ ምክንያት ነበረኝ። ምክንያቱ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። መምህር ክፍል ውስጥ ሥልጣን አለው። ማርክ በእጁ ነው። ልጅ የመምህሩን ፊት እያየ ነው የሚውለው፤ ምን ያስደስተዋል፣ ምን ያስከፋዋል እያለ። እዚህ ላይ እምነት ሲጨመርበት ልጁ «አልፈልግም» ማለት ይከብደዋል።

በዚያ ዘመን ለክርክር ሁልጊዜ የማነሳው አንድ ታሪክ ነበር። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት የትምህርት ባለሥልጣናት ለተማሪዎች አንድ አጭር ጸሎት ጽፈው ነበር። በእንግሊዝኛ 22 ቃላት ብቻ ናት። የማንንም ሃይማኖት ስም አትጠራም። ያልፈለገ ልጅ ዝም ማለት ወይም ከክፍል መውጣት ይችላል ተብሏል። ወላጆች ከሰሱ። በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንግሥት ለልጆች ጸሎት የመጻፍ ሥራ የለውም ብሎ ከለከለ። እኔም እንዲሁ ነው የማየው። «ያልፈለገ ይውጣ» የሚባለው ለአዋቂ ቀላል ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ሁሉም እያየው ከክፍል መውጣት ቅጣት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ደግሞ የበለጠ እወደዋለሁ። እዚያው አሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በሕግ መሠረት በየማለዳው ከመጽሐፍ ቅዱስ ቢያንስ 10 ቁጥር ይነበብ ነበር። በ1956 ኤለሪ ሼምፕ የሚባል የ16 ዓመት ተማሪ፣ ንባቡ ሲጀመር ቁርኣን አውጥቶ ለራሱ በጸጥታ ያነብ ጀመር። ሙስሊም አልነበረም። መንግሥት የአንዱን መጽሐፍ መርጦ ለሁሉም ማንበቡ ልክ እንዳልሆነ ማሳየት ነው የፈለገው። ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተላከ። ነገሩ እስከዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1963 ቤተሰቡ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ አሸነፈ።

ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንደተረክሁ አላስታውስም። ችግሩ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። ፍርዱን ራሱን ያነበብኩት ከልጅቷ ጥያቄ በኋላ ነው። ያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው ውሳኔ ውስጥ፣ የሃይማኖቶችን ታሪክና ንጽጽር ያልተማረ ሰው ትምህርቱ ሙሉ ነው ለማለት ይከብዳል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። መጽሐፍ ቅዱስንም ቢሆን ሳያዳሉ፣ እንደ ማንኛውም የትምህርት ክፍል ማጥናት አልተከለከለም ይላል። እኔ ዝምታዬን አስደግፌበት የኖርኩት ውሳኔ «ዝም በሉ» አላለም ነበር።

ሁለቱም የሚቀመጡበት ቦታ

ወደዚያች ክፍል ልመለስ። ስለ ሌላው ሁሉ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ያቺ ግማሽ ደቂቃ ናት።

«ቤት ጠይቁ» አልኳት። ቆይቼ ሳስበው ጥያቄዋን አልሰማኋትም። ቤት ምን እንደሚባል እኮ ነገረችኝ! «እነሱ ቤት እንዲህ፣ እኛ ቤት እንዲህ።» ቤት ተጠይቋል። ቤት መልሷል። ሁለት ቤት ሁለት መልስ ሰጥቷል። ልጅቷ ያመጣችልኝ የሁለቱን ቤት መልስ ነው። እኔ ደግሞ ወደመጣችበት መለስኳት።

ለምን ወደ እኔ አመጣችው? ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። በእምነት ከአባቷ የተሻለ አዋቂ መስዬ ታይቻት አይመስለኝም። የመሰለኝ ሌላ ነው። ቤቷ ውስጥ ጓደኛዋ የለችም። ቤተ እምነቷ ውስጥም ጓደኛዋ የለችም። በዚያ ሁሉ ቦታ «እነሱ» ይባላል። «እነሱ» የሚባለው ሰው ዴስክ የሚጋራበት፣ እርሳስ የሚያበድርበት፣ ሲስቅ የሚታይበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ጥያቄው ሁለቱንም ይመለከታል፤ ስለዚህ ሁለቱም ባሉበት ጠየቀችው። ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበራትም።

ሃይማኖት የግል ነው። አዎ። ያቺ ጥያቄ ግን የግል አልነበረችም። የሁለት ሰው ጥያቄ ነበረች።

ዝምታዬ ደግሞ ባዶ አልነበረም። አርባ ልጅ አንድ ነገር ተማረ፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር ነው፣ በአደባባይ አይነሳም። ከዚያ ልጁ ወዴት ይሄዳል? በዕረፍት ሰዓት ጓሮ ይወራል። ዛሬ ደግሞ ስልክ አለ። አንዱ የሌላውን እምነት የሚያጣጥልበት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ሞልቷል። ተቆርጦ፣ ሙዚቃ ተደርጎበት። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ የሚባለው ይህ ነው። ትምህርት ቤት የተወውን ቦታ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ወላጅ አይደለም፤ ያ ቪዲዮ ነው። በዚህ ላይ እርግጠኛ የሆንኩት የገዛ ተማሪዎቼ ስለ ጎረቤታቸው እምነት «የሚያውቁትን» በወረቀት እንዲጽፉልኝ ካደረግሁ ወዲህ ነው። አንብቤ ስጨርስ አንገቴን ደፋሁ። የጻፉት በክፋት አልነበረም። የሰሙትን ነው።

ማስተማርና ስለ እሱ ማስተማር

አሁን የማምነውን ልናገር። ትምህርት ቤት ሃይማኖትን ማስተማር የለበትም። ስለ ሃይማኖት ግን ማስተማር አለበት። «ስለ» የምትለው ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ጉዳዩ ያለው ግን እሷ ላይ ነው። «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» እና «እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር እንዲህ እንዳለ ያምናሉ፣ በዚህ ምክንያትም እንዲህ ይኖራሉ» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የቄሱ፣ የኢማሙ፣ የፓስተሩ፣ የእናትና የአባት ነው። ሁለተኛውን መምህር ሊናገር ይችላል።

አገሮች በዚህ ላይ አንድ መንገድ የላቸውም። በጀርመን ሕገ መንግሥት ሃይማኖት የመንግሥት ትምህርት ቤት መደበኛ ትምህርት ነው፤ ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው ደግሞ በሃይማኖቱ ላይ ራሱ ይወስናል። ፈረንሳይ ከ1882 ጀምሮ ትምህርቱን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥታ፣ ወላጆች ከፈለጉ በሌላ ቦታ እንዲያስተምሩ በሳምንት አንድ ቀን ክፍት አደረገች። ያቺው ፈረንሳይ ከ120 ዓመት በኋላ ችግር አየች። በ2002 ፈላስፋው ሬጂስ ደብሬ ለትምህርት ሚኒስትሩ ባቀረበው ሪፖርት፣ ትምህርት ቤቱ «አይመለከተኝም» ከሚል ገለልተኝነት «ማወቅ ግዴታዬ ነው» ወደሚል ገለልተኝነት ይሻገር አለ። ይህን ሳነብ ስለ እኔ የተጻፈ መሰለኝ። ገለልተኛ ነኝ እያልኩ የኖርኩት የመጀመሪያውን ዓይነት ነበር።

«ስለ» ማለት በራሱ ግን አያድንም። ኖርዌይን ተመልከቱ። በ1997 ለሁሉም ልጅ አንድ የጋራ ትምህርት ተጀመረ፤ ክርስትናን፣ ሌሎች ሃይማኖቶችንና ፍልስፍናን ያቀፈ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ልጆች ሳይከፋፈሉ አብረው ይማሩ ነው። ግን ትምህርቱ ወደ ክርስትና ያደላ ነበር። ያልተስማማቸው ወላጆች ልጃቸውን ከአንዳንድ ክፍሎች ማስወጣት ይችሉ ነበር፤ ለዚያ ግን ምክንያት ማቅረብ ነበረባቸው። ማለትም የማያምኑትን ነገር፣ የልባቸውን፣ ለትምህርት ቤቱ መግለጥ። በ2007 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የወላጆቹ መብት ተጥሷል አለ። ድምፁ 9 ለ 8 ነበር። የተማሩ ዳኞች ይህን ያህል እኩል የተከፈሉበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ቀላል አድርጎ የሚያወራ ሰው ስሰማ አላምነውም።

ተስፋ የሰጠኝ ሌላ ቦታ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞዴስቶ የምትባል ከተማ አለች። በ2000 የዓለም ሃይማኖቶችን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ግዴታ አደረገች። ትምህርቱ ወደ ሃይማኖቶቹ ከመግባቱ በፊት ስለ እምነት ነጻነት ያስተምራል። ይህን ቅደም ተከተል በጣም ወደድኩት። ስለ ሌላው ከማወቅህ በፊት ሌላው ያንን የማመን መብት እንዳለው ታውቃለህ። በ2006 የወጣ ጥናት ልጆቹ ለሌሎች የእምነት መብት ያላቸው አክብሮት እንደጨመረ አገኘ። ጭማሪው መጠነኛ ነው። የራሳቸውን እምነት ግን አልተዉም። ወላጆች የሚፈሩት ይህንን አልነበረም? «ልጄ የሌላውን ሲያውቅ የራሱን ይጥላል» የሚለውን? አልጣሉም።

የፈራሁት ምን ነበር

አንድ ቀን ይህን ሐሳቤን በዕድሜ ለሚበልጡኝ የሂሳብ መምህር አጫወትኳቸው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ሃይማኖታቸው ከእኔ የተለየ ነው። አዳምጠው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ልጄን ስለ እምነቷ ብታስተምራት ቅር አይለኝም። አውቅሃለሁ። ከአንተ በኋላ የሚመጣውን ግን አላውቀውም።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብቱ በ1966 በወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ቃል ኪዳን ውስጥ እንኳ በግልጽ ተጽፏል። በዚህ አልከራከርም። «ጋሼ፣ ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳቸው። ትንሽ አስበው፣ «ስለ እኛ የምትናገረውን እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ብሰማው 'አዎ፣ ይሄ እኛ ነን' እላለሁ ወይ? እሱን ጠይቅ» አሉኝ።

ያንን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይዤው እሄዳለሁ። ማንኛውንም ማስታወሻ ስጽፍ እሳቸውን ከኋላ ወንበር አስቀምጣቸዋለሁ። ስንቱን ዓረፍተ ነገር ሰርዣለሁ! ሳላውቀው «እኛ» እና «እነሱ» እያልኩ ነበር የማስተምረው። የራሴን እምነት በዓል «በዓል» እላለሁ፤ የሌላውን «የእነሱ በዓል»።

በዚህ ውስጥ ነው እውነተኛውን ነገር ያገኘሁት። ያን ቀን ዝም ያልኩት በአቋሜ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነው። እኔ አማኝ ነኝ። ለጥያቄዋ በልቤ መልስ ነበረኝ። ቤቴ የተነገረኝ መልስ። አፌን ከከፈትኩ እሱ እንዳይወጣ ፈራሁ። ካልወጣም ፊቴ ላይ እንዳይነበብ። ከሁለቱ ልጆች አንዷ የእኔ እምነት ልጅ ናት። ዓይኔ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ ሌላዋ እንዳታይብኝ ፈራሁ። ደንቡ የተደበቅሁበት ግድግዳ ነበር።

ይህን ስረዳ ነው ሐሳቤ የተለወጠው። ከመጻሕፍቱም ከፍርድ ቤቶቹም ይልቅ ይህ ነው የለወጠኝ። እኔ ያኔ የጎደለኝ ሥልጠና ነበር። በአርባ ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ እንዴት ይቆማል፣ ምን ይባላል፣ የራስን እምነት ሳይክዱ እንዴት ወደ ጎን ይደረጋል፤ ማንም አላስተማረኝም። ስለ ማተሚያ ማሽን የሚያስተምር ሰው ይሰለጥናል። ለዚህኛው ግን «አትንኩት» ነው የተባልነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ የቀረብኝ የአንዲት ልጅ አመኔታ ነው፤ በእኔ ላይ የነበራት።

ዛሬ ቢሆን

ዛሬ ብትጠይቀኝ ማን ልክ እንደሆነ አልነግራትም። ያ የእኔ ሥራ አይደለም። ግን እንዲህ የምላት ይመስለኛል፦

«ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ሰው ለሺህ ዓመታት ሲጠይቀው ኖሯል። ማን እንደሚድን ሃይማኖቶች የተለያየ ነገር ያስተምራሉ። በአንድ ሃይማኖት ውስጥ እንኳ ሊቃውንቱ ተከራክረውበታል። አሁን የተማርነው የሉተር ታሪክም ከዚያ የሚርቅ አይደለም። ማን ልክ ነው የሚለውን ከቤተሰብሽና ከእምነት አባቶችሽ ጋር ትነጋገሪበታለሽ፤ ስታድጊ ደግሞ ከራስሽ ጋር። እዚህ ግን ሌላ ነገር እንማራለን። ሁለታችሁ የተለያየ መልስ ይዛችሁ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጣችኋል። ይህን እንዴት እንደቻሉት፣ እንዴትስ እንዳቃታቸው፣ ከእናንተ በፊት የነበሩ ሰዎችን ታሪክ እናያለን።»

ይህን ማለት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አምስት ደቂቃ ነበረኝ።

ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞሬ «አንቺስ መናገር የምትፈልጊው አለ?» ብላትስ? ይህን ያሰብኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ለዓመታት የጠያቂዋ ነገር ሲከነክነኝ፣ ሌላዋን ረስቻት ነበር። ጓደኛዋ በክፍሉ ሁሉ ፊት «እኛ ቤት እሷ ገነት አትገባም ይባላል» ስትል እሷ እዚያው ነበረች። አቀርቅራለች። መምህሩ ደግሞ «አይደለም»ም «እንነጋገር»ም አላለም። ያ ዝምታ ለእሷ ምን ብሎ ተሰምቶ ይሆን?

ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ተንጋግተው ወጡ። እሷ ደብተሯን ቦርሳ ውስጥ አስገባች። የጓደኛዋንም ደብተር አንስታ፣ የራሷ ላይ ደርባ ያዘችላት። ተያይዘው ወጡ። እኔ ዳስተር ይዤ ሰሌዳውን እያጠፋሁ ነበር።